ጂ-ቫልዩ ምንድን ነው? የጎንደር መስኮትና የከሰዓት ፀሐይ

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው መስኮት ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቀለም ነው፤ መስታወቱ ነጭ ይሁን፣ ቡናማ ወይስ አንፀባራቂ? እኔ ግን ከቀለሙ በፊት አንድ ቁጥር ቢጠየቅ እመርጣለሁ፤ ጂ-ቫልዩ የሚባለውን።

ጂ-ቫልዩ፣ መስታወቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ኃይል ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ እንደሚቀር ይናገራል። ልኩ ከ0 እስከ 1 ነው። ተራው ነጠላ ነጭ መስታወት 0.8 አካባቢ ነው። 2 ካሬ ሜትር መስኮት ላይ በየካሬው 600 ዋት ፀሐይ ቢያርፍ 960 ዋት ይገባል ማለት ነው፤ ሳሎን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ መለኮስ ቁጠሩት። ጂ-ቫልዩው 0.35 ቢሆን የሚገባው 420 ዋት ነበር።

ቡናማ መስታወት ያሳስታል። ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሙቀቱን ግን ራሱ ይጠጣና ይግላል፣ ከዚያም ከፊሉን መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ቤቱ ጨልሞም ይሞቃል። ሙቀት የሚመልስ ስስ የብረት ቅብ ያለው መስታወት ግን ብርሃኑን እያሳለፈ ጂ-ቫልዩውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ።

ታዲያ ለሁሉም መስኮት ይህን መግዛት ያስፈልጋል? የለም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምታልፍ፣ ከመስኮቱ ራስ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጣሪያ 1.2 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ይጋርደዋል። የፋሲል ግንብ መስኮቶችም ጥላ የሚያገኙት ከግድግዳው ውፍረት ነው። የምዕራቡ ፀሐይ ግን ከሰዓት ዝቅ ብሎ በጣሪያው ሥር ይገባል። ዝቅተኛ ጂ-ቫልዩ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ምሥራቁን ለነጭ መስታወት ተዉለት። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለች ከተማ የጠዋት ፀሐይ ይናፈቃል። የገባው ሙቀት ሌሊት ምን ያህል እንደሚወጣ የሚነግራችሁ ሌላ ቁጥር ነው፣ ዩ-ቫልዩ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ለነጠላ መስታወት 5.8 አካባቢ፣ በመሃሉ የአየር ክፍተት ላለው ድርብ መስታወት ደግሞ 2.8 ገደማ። ከመንገድ የሚገባውን የባጃጅ ድምፅ ለመቀነስ ግን ሁለቱም ቁጥሮች አይረዱም፤ እዚያ የሚሠራው የመስታወቱ ውፍረት፣ በመሃሉ ፕላስቲክ ተደርጎ የተጣበቀ መስታወትና ክፍተት የሌለው የፍሬም ጎማ ነው።

የመስኮቶቹን ልክ ለአሉሚኒየም ባለሙያው ስትሰጡ፣ ከየልኩ ጎን «ምዕራብ»፣ «ምሥራቅ» ብላችሁ ጻፉበት።