መብራት ማነስና መዋዠቅ፦ የተለመዱ ስህተቶችና እውነታው

መብራት ፈዘዝ፣ ቦግ ማለት ሲጀምር ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። አንዱ «ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ግዛ» ይላል። ሌላው «ተወው፣ ሲያንስ ምንም አያመጣም» ይላል። እኔ ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ እላለሁ። ብዙዎቹ የተሳሳቱ አባባሎች የሚመጡት ሳይለኩ ከመገመት ነው።

በብዙ አገሮች የቤት ኤሌክትሪክ 220 ወይም 230 ቮልት ነው። 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለቱ በአብዛኛው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። በ230 ካሰብነው ከ207 እስከ 253 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስሌቶች የሠራሁት ግን በ220 ነው።

«የሚያቃጥለው ሲበዛ ነው፤ ሲያንስ ጉዳት የለውም»

ለምድጃና ለካውያ እውነት ነው። ቮልቴጅ ሲያንሳቸው ይዘገያሉ እንጂ አይበላሹም። ሞተር ያለው ዕቃ ግን ሌላ ነው፤ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የእነዚህ ሞተሮች የመነሻ ጉልበት የሚቀንሰው ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ነው። 220 የነበረው 160 ሲሆን ጉልበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁ ሞተር ያለበት ክፍል) ለመነሳት ይታገላል፣ ያቅተዋል። ቆሞ ሲታገል ደግሞ በደህናው ጊዜ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ከረንት (በሽቦው የሚያልፍ፣ በአምፒር የሚለካ ፍሰት) ይስባል። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ሽፋንም ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል።

ከፍሪጁ ጀርባ በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ መከላከያው ሞተሩን እያጠፋ እያበራ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው አድኖታል። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሲል ቢውል ግን እንደማይችለው እወቁ። ነቅላችሁ ቮልቴጁን ለኩ።

«ኃይል ሲያንስ የመብራት ክፍያውም ይቀንሳል»

ይህ ማጽናኛ ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚሰጥ የውሃ ማፍያ በ180 ቮልት 1340 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ሁለት ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ለማድረስ ግን የሚያስፈልገው ኃይል ያው 0.19 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። አምስት ደቂቃ ተኩል ይፈጅ የነበረው ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሆናል። በተጨመረው ጊዜ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀትም በእናንተው ቆጣሪ ላይ ይቆጠራል።

«አምፖሉ ደህና ከበራ ቮልቴጁ ደህና ነው»

ድሮ ይሠራ ነበር። የድሮው ባለክር አምፖል ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ዓይን ይለየዋል። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ፍሪጁ ጭንቅ ላይ ሆኖ እነሱ ቦግ ብለው ይበራሉ። መብራት ያለው መፍቻ ቴስተርም አይረዳችሁም። እሱ ከ100 ቮልት በታችም ይበራል፤ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርም።

የሚነግራችሁ መልቲሜትር የሚባለው መለኪያ ነው። የኤሲ ቮልት ላይ መሆኑን፣ ገመዶቹም የአምፒር ቀዳዳ ውስጥ አለመሰካታቸውን አረጋግጡ። ጫፎቹን በእጅ አትንኩ። ለምዳችሁት የማታውቁ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ። ሁለት ጊዜ ይለካ፦ ከባድ ዕቃዎች ጠፍተው አንዴ፣ በርተው አንዴ።

«ችግሩ ሁልጊዜ ከውጭ ነው»

አንዳንዴ አዎ። ጎረቤትም እንደናንተው ከሆነ፣ ማታ ማታ ወርዶ ሌሊት የሚመለስ ከሆነ፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም መስመሩ ረዝሟል። ግን ምድጃውን ስታበሩ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም አንድ ክፍል ብቻ ከተለየ፣ ጣታችሁን ወደ ውጭ ከመቀሰራችሁ በፊት ቤታችሁን አስፈትሹ።

«ሽቦው ቀጥኖ ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ላይ 10 አምፒር ሲያልፍበት የሚበላው 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። 20 እና 30 ቮልት የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ጥፋተኛ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ወይም በእጅ የተጠማዘዘ መጋጠሚያ ሆኖ ይገኛል። አንድ የላላ ቦታ 10 ቮልት ከበላና 10 አምፒር ካለፈበት እዚያች ነጥብ ላይ 100 ዋት ሙቀት አለ። የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ሙሉ ሙቀት ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ አስቡት። የሚሞቅ ሶኬት፣ የቡናማ ምልክት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ነገ አትበሉ።

«ስታብላይዘር ኃይል ይጨምራል»

አይጨምርም። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት በመሳብ ነው። በ220 ቮልት 5 አምፒር የሚፈልግ ዕቃ፣ መስመሩ ላይ ያለው 160 ከሆነ ስታብላይዘሩ ወደ 7 አምፒር ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ መስመሩ ይብሱን ይወርዳል። የላላ ብሎን ካለም ይብሱን ይግላል።

ስትገዙ ዝቅተኛ መነሻውን አንብቡ። ከ140 ጀምሮ ይሠራል የሚል ዕቃ 120 ለሚወርድበት ቤት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ለፍሪጅ ሲሆን የመነሻ ከረንቱ ታስቦ ሰፋ ያለ ይመረጣል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈባቸው የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ግን ስታብላይዘር አያስፈልጋቸውም። ለእነሱ የሚወጣው ገንዘብ ባክኗል።

«ብሬከር ስላለኝ አልሰጋም»

ብሬከር የሚያየው ከረንትን እንጂ ቮልቴጅን አይደለም። ሲያንስም ሲበዛም የሚቆርጠው ለብቻው የሚገጠም የቮልቴጅ መከላከያ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዘግይቶ የሚመልሰውን ምረጡ። ፍሪጅ መብራት እንደመጣ ወዲያው ከተነሳ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ይቸገራል።

«ኒውትራሉን መሬት ላይ ብናስረው ይስተካከላል»

ኒውትራል ከረንቱን ከቤት ወደ መስመሩ የሚመልሰው ሽቦ ነው። ይህን ማንም ይምከራችሁ፣ አታድርጉ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት የቤቱን ከረንት በቅጡ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ሽቦውም ከእሱ ጋር የተያያዘው የዕቃ ቆርቆሮም ሰው ሊይዝ ይችላል። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ አንዱ ቤት ይጨልማል፣ ጥቂት ዕቃ የበራበት ሌላው ቤት ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ ሊደርሰው ይችላል። አምፖሎች ከወትሮው በላይ ካበሩ፣ ወይም አንድ ዕቃ ሲነሳ የሌላው ክፍል መብራት ከመፍዘዝ ይልቅ ከደመቀ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ወደ ኤሌክትሪክ አቅራቢው ደውሉ። መስመሩ ተጠግኖ ቮልቴጁ እስኪለካ ድረስ መልሳችሁ አታብሩ።