ኦሱሊቫኖች፦ ከኮርክና ከኬሪ የተበተኑ ስመ ጥሮች

ኦሱሊቫን በአየርላንድ በብዛት ከሚገኙት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው፤ መሠረቱም በደቡብ ምዕራብ ያሉት የኮርክና የኬሪ አውራጃዎች ናቸው። እንደኛ የአባት ስም በየትውልዱ አይለወጥም፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለዘመናት ይዘልቃል። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙዎች መነሻዋን «ኦ» ስለጣሉ፣ ሱሊቫን የሚባሉትም የዚሁ ዘር ናቸው።

ከቀደሙት ስመ ጥሩ የአየርላንድ ጎሣ አለቃው ዶናል ካም ኦሱሊቫን ቤር ነው። የደንቦይ ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1602 በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ በዓመቱ ማብቂያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወታደሮችንና ቤተሰቦችን አስከትሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊትሪም ተነሣ። ቁሩ፣ ረሃቡና የጠላት ጥቃቱ መንገድ ላይ ፈጃቸው። ሻነን ወንዝ ሲደርሱ ፈረሶቻቸውን አርደው ሥጋውን በሉ፤ ቆዳውን በእንጨት ላይ ወጥረው ጀልባ ሠሩና ተሻገሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊትሪም የደረሱት 35 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ረሃብና ድህነት ስሙን ወደ አሜሪካ አሻገሩት። የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኑ ጆን ኤል. ሱሊቫንና የረጃጅም ሕንፃዎች ፈር ቀዳጅ የሆነው አርክቴክት ሉዊስ ሱሊቫን ቦስተን ተወለዱ። ለእኔ ግን ከሁሉም የምትልቀው የስደተኞች ልጅ የሆነችው አን ሱሊቫን ናት። በልጅነቷ ትራኮማ ዓይኗን ጎዳት፤ ያደገችውም በድሆች መጠለያ ነው። በ1887፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ማየትም መስማትም የማትችለውን ሄለን ኬለርን ልታስተምር አላባማ ሄደች። ከግቢው ቧንቧ የሚወርደውን ውሃ በሕፃኗ አንድ እጅ ላይ እያፈሰሰች፣ በሌላኛው መዳፍ «ውሃ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣቷ ጻፈችላት። ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያኔ ነው። ሄለን ኮሌጅ ስትገባም አን አብራት ተቀምጣ ትምህርቱን በመዳፏ ላይ ታሰፍርላት ነበር።

በዘመናችን እንግሊዛዊው ሮኒ ኦሱሊቫን በስኑከር (በጠረጴዛ ላይ ኳሶችን በዱላ እየመቱ ቀዳዳ ውስጥ በሚያስገቡበት ጨዋታ) ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ለአትሌቲክስ ወዳጅ ሐበሻ የምትቀርበው ግን የኮርኳ ሶኒያ ኦሱሊቫን ናት። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ሮማኒያዊቷ ጋብሪየላ ሳቦ በ14:40.79 ስታሸንፍ ሶኒያ በ14:41.02 ተከተለቻት፤ ጌጤ ዋሚ ሦስተኛ ወጣች። ከአምስት ቀን በኋላ በ10,000 ሜትር ደራርቱ ቱሉ ወርቁን፣ ጌጤ ብሩን ሲወስዱ ሶኒያ ስድስተኛ ሆናለች።