«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል»፦ መነሻው፣ ትርጉሙና የሞሪስ ቻንግ ታሪክ

በሥልጣን ወይም በሀብት ከፍ ብሎ የኖረ ሰው ከቦታው በወረደ ማግስት፣ ደጅ ሲጠኑት የነበሩት ሳይቀሩ ጉድለቱን እየዘረዘሩ ሲነሡበት፣ ይህን ያዩ ሽማግሌዎች «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። አባባሉ ለወደቀው ሐዘኔታ ያለበት ወቀሳ ነው፤ የሚወቀሰውም ምሳር ይዞ የሚመጣው ነው።

መነሻው እንጨት ቆረጣ ነው። የቆመ ዝግባ ወይም ጽድ መጣል ጉልበትና ብልሃት ይጠይቃል፤ ግንዱ ወደየት እንደሚያዘነብል ያላስተዋለ ቆራጭ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ደፍሮ የሚጠጋው ጥቂት ሰው ነው። ከወደቀ በኋላ ግን አንዱ ቅርንጫፉን ለአጥር ይመለምላል፣ ሌላው ለማገዶ ይፈልጣል፣ ቀጥ ያለውን ለምሰሶ የሚመርጥም አይጠፋም። ምሳሩ የበዛው እንጨቱ ስለከፋ ሳይሆን አደጋው ስላለፈ ነው፤ የአባባሉ ስለትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ማመልከቻው ውድቅ የሆነበትም፣ ብድር የተከለከለውም ራሱን የወደቀ ዛፍ አድርጎ ሲጠቅሰው ይሰማል።

እምቢታና ምሳር የተለያዩ መሆናቸውን ለማየት በታይዋን ትልቅ የቺፕ (ብዙ ትራንዚስተሮች የተጣመሩበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ፋብሪካ የመሠረቱት የሞሪስ ቻንግ ታሪክ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1931 በቻይና ኒንግቦ ከተማ የተወለዱት ቻንግ፣ በ1958 አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲቀጠሩ የተረከቡት ኩባንያው ለኮምፒውተር አምራቹ አይ.ቢ.ኤም. የሚያመርተውን አንድ ዓይነት ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቆጣጠር ትንሽ ክፍል፣ ነበር። ንድፉ የአይ.ቢ.ኤም. ሲሆን፣ ከሚመረተው ውስጥ ለሽያጭ የሚበቃው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ቻንግ ሙቀቱንና ግፊቱን እየለዋወጡ፣ የእያንዳንዱን ሙከራ ውጤት እየመረመሩ ሠሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጤነኛው ምርት ወደ 20 በመቶ ደረሰ፤ ይህም አይ.ቢ.ኤም. በራሱ ፋብሪካ ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። የሌላውን ንድፍ ከባለቤቱ አሻሽሎ ማምረት እንደሚቻል በእጃቸው ያዩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የኩባንያውን ጠቅላላ የሴሚኮንዳክተር (የትራንዚስተርና የቺፕ) ሥራ እስከመምራት ደረሱ። በ1978 ግን ካልኩሌተርና ዲጂታል ሰዓት ወደሚሠራው ዘርፍ ተዛወሩ፤ ዘርፉ አልቀናም፤ ቀጥሎም የጥራትና የምርታማነት ኃላፊ የሚል፣ ስሙ የገነነ ሥልጣኑ ግን የሳሳ ማዕረግ ተሰጣቸው። ሃያ አምስት ዓመት ካገለገሉበት ቤት በ1983 ወጡ። በሌላ የአሜሪካ ኩባንያም ብዙ ሳይቆዩ፣ በ1985 የታይዋን መንግሥት የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋሙን እንዲመሩለት ጠራቸው።

በ1987 ያቋቋሙት የታይዋን ሴሚኮንዳክተር ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ፣ የራሱን ቺፕ ሳይነድፍ የሌሎችን ንድፍ ብቻ የሚያመርት ነበር። ቻንግ ለመነሻ ገንዘብ የአሜሪካውን ቺፕ አምራች ኢንቴልንም የቀድሞ አሠሪያቸውን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስንም ጠይቀው ሁለቱም አልተቀበሏቸውም። ይህን ከምሳር የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚነድፉትን ራሳቸው ያመርቱ ስለነበር ለእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ የሚታይ ገበያ አልነበረውም፤ የከለከሏቸውም ሥራውን ጠርጥረው ነው እንጂ በሰውየው መውደቅ ተደፋፍረው ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። ካፒታሉ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከታይዋን መንግሥት፣ ከሩብ ጥቂት የሚበልጠው ከሆላንዱ ፊሊፕስ፣ የተረፈው ከአገሬው ባለሀብቶች ተገኘ። ኢንቴልም ቢሆን ገንዘቡን ቢከለክልም፣ ኋላ የፋብሪካውን አሠራር መርምሮ ብዙ ጉድለት ካሳረመ በኋላ ለራሱ ምርት ብቁ ነው ብሎ መስክሯል፤ ለጀማሪ ኩባንያ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መተዋወቂያ አልነበረም።

አባባሉ በትክክል የሚገጥመው በዚሁ ኩባንያ የኋላ ታሪክ ውስጥ ነው። ቻንግ በ2005 ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ለሌላ አስረክበው በሊቀ መንበርነት ብቻ ቆይተው ነበር። በ2009 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ትእዛዝ ባሳጣበት ወቅት ኩባንያው ብዙ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ የተሰጣቸው ምክንያት ግን የገበያው መቀዝቀዝ ሳይሆን የሥራ ምዘና ውጤታቸው ማነስ ነበር። ወትሮ ያልተነገረ ጉድለት ሰውየው ሊወጣ ሲል ሲመዘገብበት ምሳር በዛበት ይባላል። የተሰናበቱት ተቃውሞ አሰሙ፤ ቻንግም በይፋ ይቅርታ ጠይቀው መመለስ የፈለጉት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ በሩን ከፈቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ በ77 ዓመታቸው፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን መልሰው ያዙ፤ ሌሎች ወጪ በሚቆርጡበት ሰዓትም ለአዳዲስ ማምረቻዎች የሚመደበውን በጀት አሳደጉ።