ፊሊፒናውያን የሚኮሩባቸው ልማዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ኢትዮጵያዊት ስለ ፊሊፒናውያን የምታወራው አታጣም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤት ሆነዋል፣ በአንድ አሠሪ ቤት አብረው ሠርተዋል፣ በእረፍት ቀን በአንድ ገበያ ተገናኝተዋል። ከዚያ ወደ አገር ቤት የሚደርሰው ወሬ ግን ብዙውን ጊዜ “ሳቂታና ታዛዥ ናቸው” በሚል ያልቃል። ይህ አባባል ያስቆጣኛል፤ አንድን ሕዝብ የሚመዝነው በአሠሪ ሚዛን ነውና። ፊሊፒናውያን በልማዳቸው አጥብቀው ይኮራሉ። የሚኮሩባቸው ነገሮች ግን በየዕለቱ የሚደከምባቸው፣ ዋጋ የሚከፈልባቸውና እነሱ ራሳቸው እርስ በርስ የሚከራከሩባቸው እንጂ አብሯቸው የተወለደ የዋህነት አይደሉም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“የተሻለ ደመወዝ የሚያገኙት በተፈጥሯቸው ታዛዥ ስለሆኑ ነው”

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ፓስፖርቱ ይለያያል። ፊሊፒናዊቷ ለተመሳሳይ ሥራ ከኢትዮጵያዊቷ የበለጠ ሲከፈላት ያየ ሰው ምስጢሩን በጠባይዋ ውስጥ ይፈልጋል። ትልቁ ምስጢር ያለው ግን ማኒላ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 መጨረሻ ወደ ውጭ የሚሄዱ የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ200 ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ከፍ እንዲል፣ ኤጀንሲም ከሠራተኛዋ የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበል ወሰነ። ሁሉም አሠሪ ውሳኔውን አክብሯል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ድርድሩ የሚጀመርበት ወለል ተበጀ። በዚህ ላይ ሠራተኛዋ በትምህርት ቤት የተማረችው እንግሊዝኛ፣ ከጉዞ በፊት የምትወስደው ሥልጠናና በኤምባሲዋ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አለ።

ይህ ጥበቃም ቢሆን በችሮታ አልተገኘም። ሠራተኛን ወደ ውጭ መላክ በመንግሥት ፖሊሲነት የተጀመረው በፈርዲናንድ ማርኮስ ዘመን፣ በ1974 በወጣው የሠራተኛ ሕግ ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል ዋናው ጉዳይ የሚላከው ገንዘብ ነበር። በመጋቢት 1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የቤት ሠራተኛ በግድያ ተከስሳ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። ብዙ ፊሊፒናውያን ጥፋተኛ ናት ብለው አላመኑም፤ መንግሥታቸውም በቅጡ አልተሟገተላትም ብለው በቁጣ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚያስከብር ሕግ ጸደቀ። በ2018 ደግሞ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ኩዌት ውስጥ በማቀዝቀዣ ሲገኝ ማኒላ ወደዚያ አገር ሠራተኛ መላክ አቆመች። ጉዞው የተፈቀደው አሠሪዎች የሠራተኞችን ፓስፖርትና ስልክ እንዳይዙ የሚያዝ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። አገራችንም በ2013 ተመሳሳይ እገዳ ጥላ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ታዛዥ የተባለው ይህ ሕዝብ በየካቲት 1986 ኤድሳ በተባለው የማኒላ አውራ ጎዳና ላይ አራት ቀን ቆሞ የሃያ ዓመት ገዥውን ማርኮስን አባሯል። ፈገግታውስ? “ፓኪኪሳማ” የሚሉት አብሮ የመስማማት ልማድ አላቸው፤ ሰውን በሰው ፊት አለማሳፈርን ያስተምራል። ይሉኝታን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ፈገግ ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት እንዳልሆነ እኛም እናውቀዋለን።

“ባያኒሃን ዛሬ በሥዕል ብቻ የቀረ ነው”

ባያኒሃን ሲባል ሁሉም ፊሊፒናዊ አንድ ሥዕል ይታየዋል። ከቀርከሃ የተሠራ፣ በኒፓ ዘንባባ ቅጠል የተከደነና በእንጨት እግር የቆመ ቤት አለ። የመንደሩ ወንዶች ረጃጅም ቀርከሃ ከሥሩ አስገብተው ቤቱን እንዳለ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ አዲስ ቦታ ይወስዱታል። ገንዘብ አይከፈላቸውም፤ ባለቤቱ ምግብ ያቀርባል። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ዛሬ ከተሜው በብሎኬት ቤት ይኖራል፤ የሚሸከመው ቤት የለም። ስለዚህ ልማዱ ሞቷል የሚሉ አሉ። ሚያዝያ 14 ቀን 2021 የሆነው ግን ሌላ ነው። ኮሮና አገሪቱን ዘግቶ የቀን ሠራተኛው ገቢ በደረቀበት በዚያ ወቅት፣ በኬሶን ከተማ ማጊንሃዋ ጎዳና አንዲት ወጣት ትንሽ የቀርከሃ ጋሪ አቆመች። ሩዝ፣ አትክልትና የታሸገ ምግብ ደረደረችበትና “እንደ አቅምህ ስጥ፣ እንደ ፍላጎትህ ውሰድ” የሚል ጽሑፍ ለጠፈችበት። ጠባቂ አልነበረውም። በቀናት ውስጥ እንዲህ ያሉ ማዕዶች በመቶዎች ሆነው በመላ አገሪቱ ተዘረጉ። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ አመጡ፤ የታርላክ ገበሬዎች ስኳር ድንች ጭነው ላኩ። ጥቂት የጸጥታ ባለሥልጣናት አስተባባሪዎቹን ከኮሚኒስቶች ጋር ሲያያይዟቸው ወጣቷ ለደኅንነቷ ሰግታ ለአጭር ጊዜ አቆመች፤ ከዚያ ግን ቀጠለች። ረኀብን ማስታገስ እንደ ወንጀል ሲቆጠር ማየት ያሳዝናል። ይሁንና ሰዉ ማዕዱን አለማጠፉ ልማዱ ገና በሕይወት እንዳለ ከማንኛውም ሥዕል በተሻለ ያሳያል።

“ባሃላ ና ማለት ለዕድል እጅ መስጠት ነው”

ፊሊፒናዊ ፈተና ሊገባ ሲል፣ ባሕር ሊሻገር ሲል ወይም ያለውን ሁሉ ይዞ አዲስ ሥራ ሲጀምር “ባሃላ ና” ይላል፤ የመጣው ይምጣ እንደማለት ነው። የውጭ ጸሐፍት ይህንን ሰምተው ሕዝቡ ኑሮውን ለዕጣ ፈንታ የተወ፣ የማያቅድና የማይጥር ነው ብለው ጻፉ። የተማሩ ፊሊፒናውያንም ይህንኑ ተቀብለው የአገራቸው ኋላ ቀርነት ምክንያት አድርገው ያስተማሩበት ጊዜ ነበር።

የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር አልፍሬዶ ላግማይ በ1977 ነገሩን መርምሮ ሌላ መልስ አገኘ። ሰዎቹ ቃሉን የሚናገሩት ውጤቱ በማይታወቅ ነገር ፊት ቆመው ራሳቸውን ሲያደፋፍሩ ነው። ከቃሉ በኋላ የሚመጣው እርምጃ እንጂ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በዚያው ዘመን ቪርሂሊዮ ኤንሪኬዝ የተባለው ምሁር የፊሊፒናውያንን ሥነ ልቦና በራሳቸው ቋንቋና ልምድ የሚያጠና እንቅስቃሴ መሥርቶ ነበር። የእሱ ክርክር በአጭሩ፣ ቅኝ ገዥ በራሱ መለኪያ የለካውን ጠባይ ባለቤቱ መልሶ ሊለካው ይገባል የሚል ነው። ከዚህ ሁሉ ርዕሰ ጉዳይ ለእኔ እጅግ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የተነገረውን ስድብ በጥናት ሲያፈርስ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

“ማኖን ስፔኖች አስተማሯቸው፤ ‘ፖ’ የማይል ደግሞ ባለጌ ነው”

በማኖ ልማድ ታናሽ ጎንበስ ብሎ የታላቁን እጅ ይይዝና በግንባሩ ላይ ያሳርፋል፤ ታላቁም ይመርቀዋል። የልማዱ ስም ከስፔንኛ መወሰዱ እውነት ነው። ነገር ግን የስፔን ቅኝ ባልነበሩት በማሌዥያና በኢንዶኔዥያም ወጣቶች ለታላላቆቻቸው ተቀራራቢ ሰላምታ ይሰጣሉ። “ፖ” የተባለው የአክብሮት ቃል ደግሞ የታጋሎግ ነው። አገሪቱ ከ7,600 በላይ ደሴቶችና ከመቶ በላይ ቋንቋዎች ያሏት ናት፤ የሴቡ ደሴት ሰው በገዛ ቋንቋው ሲናገር ይህንን ቃል አይጠቀምም፤ አክብሮቱን የሚገልጸው በሌላ መንገድ ነው። የማኒላ ሰዎች እሱን ሸካራ አድርገው መቁጠራቸው ከሴቡ ሰው ይልቅ የዋና ከተማን ትምክህት ያሳያል።

“ካራኦኬና ዮዮ የፊሊፒናውያን ፈጠራ ናቸው”

ካራኦኬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ጃፓናዊው ዳይሱኬ ኢኖዌ ነው፤ መሣሪያውን የሠራው በ1971 ሲሆን የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም። ፊሊፒናዊው ሮቤርቶ ዴል ሮዛሪዮ በ1980ዎቹ የራሱን መሣሪያ አስመዝግቧል፤ ወሬው የተነሣውም ከዚህ ነው። ዮዮን በተመለከተ፣ ፔድሮ ፍሎሬስ የተባለ ፊሊፒናዊ ስደተኛ በ1928 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶ አሻንጉሊቱን አስፋፋው እንጂ አልፈጠረውም፤ መጫወቻው በጥንታዊት ግሪክም ይታወቅ ነበር። በልደት ቀንና በሠርግ ላይ የሚዘፈነው ካራኦኬ ለመከበር ይህ ጭማሪ አያስፈልገውም።

“ጽናታቸው ከአውሎ ነፋስ ሁሉ ያድናቸዋል”

በዓመት ወደ ሃያ የሚጠጉ አውሎ ነፋሶች ወደ ፊሊፒንስ ክልል ይገባሉ። በጎርፍ ውስጥ የሚስቁ ሕፃናት ፎቶግራፍ በዓለም ይዞራል፤ መሪዎችም “የማይሰበር ሕዝብ” ብለው ያመሰግናሉ። ጽናቱ እውነት ነው፤ የሚኮሩበትም በትክክል ነው። ሐሰቱ ያለው ጽናት ግድብን ይተካል በሚለው ላይ ነው።

ኅዳር 8 ቀን 2013 እነሱ ዮላንዳ የሚሉት አውሎ ነፋስ የባሕር ዳር ከተማዋን ታክሎባንን ሲመታ በመላ አገሪቱ ቢያንስ 6,300 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ባሕሩ ነው። ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር፤ ነገር ግን ባሕሩ በነፋስ ተገፍቶ እንደ ግድግዳ ወደ ከተማ እንደሚገባ ሕዝቡ በሚገባው መንገድ አልተነገረውም። የተረፉት “እንደ ሱናሚ ነው ቢሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር” ብለዋል። ጽናት እዚህ ላይ ምን ይሠራል? ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊሊፒናውያን ይህ ሙገሳ ሲደጋገም በግልጽ ይቃወማሉ፤ የሚጠይቁት ተጠያቂነትን ነው። መስከረም 21 ቀን 2025፣ ማርኮስ ወታደራዊ አገዛዝ ባወጀበት መታሰቢያ ቀን፣ ለጎርፍ መከላከያ የተመደበው ገንዘብ ተዘርፏል ብለው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በማኒላ ሰልፍ ወጡ።

“በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ወጪውም ከንቱ ነው”

ፊሊፒናዊ እየበላ ሰው ሲያልፍ “ካይን ታዮ” ይላል፤ እንብላ ማለት ነው። በአዘቦት ቀን አላፊው አመስግኖ ጠግቤአለሁ ይላል፤ ይህም እንደኛው የሰላምታ ወግ ነው። በከተማው ጠባቂ ቅዱስ በዓል ግን ግብዣው የምር ይሆናል፤ የማያውቁት እንግዳም ገብቶ ይበላል። ለዚህ ድግስ የሚበደሩ ቤተሰቦች መኖራቸው ያሳስባል፤ እነሱም ይነጋገሩበታል። ድግሱን ብክነት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ የኖረ ዘመድ የሚሰባሰብበት ቀን መሆኑን መርሳት ነው።

“ባሊክባያን ሳጥን የስጦታ ካርቶን ነው”

በውጭ የሚሠራ ፊሊፒናዊ ለወራት ሳሙና፣ ቸኮሌት፣ የታሸገ ሥጋ፣ ጫማና ፎጣ እያጠራቀመ ትልቅ ካርቶን ሞልቶ በመርከብ ወደ ቤት ይልካል። ላኪውን ብዙዎች ሀብታም ያደርጉታል። ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ግን “ኡታንግ ና ሎኦብ” የሚሉት የውለታ ዕዳ ነው፤ አሳድገውኛል፣ አስተምረውኛል የሚል፣ በገንዘብ ተቆጥሮ የማያልቅ ዕዳ። በዚህ ይኮሩበታል። በዚሁ ላይም ዛሬ አጥብቀው ይሟገታሉ፤ ወንድምና እህቶቿን ስታስተምር ለራሷ ሳታስቀምጥ ያረጀች ሴት በየቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ አለችና። ወላጅ ልጁን እንደ ጡረታው ሊቆጥር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ የትውልድ ክርክር ሆኗል።

የዚህን ሳጥን ክብር የመንግሥት ሰዎችም በ2015 ተምረውታል። በነሐሴ ወር የጉምሩክ ባለሥልጣናት ኮንትሮባንድ ለመከላከል ሳጥኖቹን በዘፈቀደ እየከፈትን እንፈትሻለን ሲሉ፣ ከሪያድ እስከ ሆንግ ኮንግ ያሉ ሠራተኞች የላብ ውጤታችንን ማንም አይበረብርም ብለው ተነሡ። ፕሬዚዳንት ቤኒግኖ አኪኖ ፍተሻው እንዲቆም አዘዙ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው የጉምሩክ ሕግ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ከ10,000 ወደ 150,000 ፔሶ ከፍ አለ።