የአዋቂዎች የጉልበት ሕመም፦ ኦስቲዮፓቲ ከሐረር ሲታይ

ጉልበት የሚለው ቃል በአማርኛ መገጣጠሚያውንም አቅምንም ይጠራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሁለቱም ይፈተናሉ። መተላለፊያው ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት ድንጋይ ነው፤ በሐረሪ ቤት ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት አምስት መደቦች (ነደባ) ላይ እግር ታጥፎ ይቀመጣል፤ በርጫ ከተያዘ ደግሞ ሰዓቱ አይታወቅም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለ ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ መርገጫውን ሲረግጥ ውሎ ማታ የሚነሣው ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው። ምን ሆንክ ሲሉት «ብርድ ነው» ይላል።

ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የብርድ አይደለም። ዕድሜው 45 ከደረሰ፣ ሕመሙ ሲንቀሳቀስ ከባሰ፣ የጠዋቱ መተሳሰርም ከ30 ደቂቃ ካላለፈ፣ ነገሩ በአብዛኛው የልምአጥንት መሳሳት (ኦስቲዮአርትራይተስ) ነው። ይህን ለማወቅ ራጅ የግድ አያስፈልግም።

ኦስቲዮፓቲን፣ አካልን እንደ አንድ አይቶ በእጅ የሚመረምረውንና የሚያክመውን የሕክምና ዘርፍ፣ የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም አንድሪው ቴይለር ስቲል ነው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1874 ይፋ አደረገ፣ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ግዛት ከርክስቪል ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ ኦስቲዮፓቶች መድኃኒት የሚያዝዙ ሙሉ ሐኪሞች ናቸው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሥራቸው በእጅ ማከም ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው ፊዚዮቴራፒ ነው። ስቲል ካስተማረው አንዳንዱ ጊዜ የጣለው ነው፤ አካል አንድ ነው፣ ጉልበት ያመመውን ሰው ከጉልበቱ ብቻ አትመርምር የሚለው ግን አልወደቀም።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ልብስ ሰፊው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ነው። ጫማው ይወልቃል፤ ተረከዙ ወዴት እንደሚያዘነብል ይታያል። በጀርባው ተኝቶ ዳሌው ወደ ውስጥ ሲዞር ጉልበቱን ካመመው፣ ምንጩ ዳሌው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ መገጣጠሚያዎች የሚጋሯቸው ነርቮች አሉ። ይህን ሳያዩ ጉልበት ላይ ወራት የሚያባክኑ አሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉልበቱ ይመጣል። የጉልበቱ ሎሚ ሲጫን ከተንሳፈፈ ውስጡ ውኃ ቋጥሯል። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ታጥፎ ቅልጥሙ ወደ ፊት ሲሳብ ያለልክ ከመጣ፣ የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት ተጎድቷል።

ከእጅ ሕክምናዎቹ አንዱ እንዲህ ይሠራል፦ ታካሚው ቅልጥሙን በባለሙያው እጅ ላይ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በቀስታ ይገፋል፤ ሲያላላ ባለሙያው ጉልበቱን ጥቂት ጨምሮ ያጥፈዋል፤ ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። እፎይታው አጭር ነው፤ የሚጠቅመው ለእንቅስቃሴ በር ስለሚከፍት ነው። ዋናው መድኃኒት የጭንን ጡንቻ ማጠንከር ነው፤ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ጥሩ ጅማሬ ነው። ውፍረት ያለበት ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል። ማስታገሻ ካስፈለገም፣ ጨጓራና ኩላሊትን ከሚጎዳው እንክብል በፊት የሚቀባው ዲክሎፌናክ ይሞከራል።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ የለመደ እጅም አይናቅም። ነገር ግን ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ፣ መታሸት የለበትም። መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ይበላሻልና በዚያው ቀን ሕይወት ፋናን ወደመሰለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።