ሰምና ወርቅ፦ አባባሉ ከየት መጣ?

አንድ ሰው ነገሩን ሸፈን አድርጎ ሲናገር «ሰምና ወርቅ ነው» እንላለን። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው፣ ወርቁ ውስጥ ውስጡን የተፈለገው ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘለለው አባባሉ የተወሰደበት ሥራ ነው።

ሥራው የአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ፣ ቀለበት እንበል፣ መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። ሰም ለስላሳ ስለሆነ ለእጅ ይታዘዛል። ከዚያ ዙሪያውን በጭቃ ይሸፍነውና ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያገኘዋል። የንብ ሰም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳለፈ ስለሚቀልጥ ቶሎ ፈስሶ ይወጣል። ወርቅ ግን ለመቅለጥ 1064 ዲግሪ ይፈልጋል። የቀለጠው ወርቅ ሰሙ ለቆት በሄደው ባዶ ቦታ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበርና ቀለበቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ ላይ የቀረች ጭረት ወርቁም ላይ ትወጣለች። ስለዚህ «ሰሙን ተወው፣ ወርቁን ንገረኝ» የሚል አንባቢ ትልቁን ነገር ያጣል ብዬ አምናለሁ።

ለምሳሌ እንድትሆነን ይህችን አሰናኘሁ፦

ሌሊቱን በሙሉ ስስል ነው ያደርኩት፣
ያንቺን መልክ አስቤ እንቅልፍ መች አየሁት።

ኅብረ ቃሏ «ስስል» ናት። ኅብረ ቃል ሁለቱን ትርጉም በአንድ አፍ የሚይዝ ቃል ነው። ሰሙ ሳል ነው፤ ሰውዬው ብርድ መቶት ሲያስለው አድሯል። ወርቁ ሥዕል ነው፤ መልኳን በሐሳቡ ሲስል ነግቶበታል። አሁን ሳሉን አውጡት። «መልክሽን ሳስብ አደርኩ» ብቻ ይቀራል። ደረቱን ይዞ የሚገላበጠው ሰው፣ የታመመው ሰው የለም። ናፍቆቱ በሽታ እንዲመስል ያደረገው ሰሙ ነበር።

ሌሎቹንም ዘይቤዎች በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። «እንደ አንበሳ ደፋር ነው» ስንል አነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ «እንደ» ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ያስተያያል። «አንበሳ ነው» ስንል ተለዋጭ ይሆናል፤ ሰውዬው ራሱ አንበሳ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ነፋሱ ሲያለቅስ አመሸ» ሰውኛ ነው። «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ግነት ነው፤ ቁጥሩን የሚቆጥር ሰው የለም፣ ምሬቱን ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ፈሊጣዊ አነጋገር ግን ጠንከር ይላል። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ፣ ቻይ ሰው ነው። ቃላቱን ገልብጣችሁ «ሰፊ ሆድ» ካላችሁ ትዕግሥቱ ይጠፋና ሆድ ብቻ ይቀራል። ሥሩን ለመረዳት ሆድን እንደ ጓዳ ማሰብ ይጠቅማል። ምስጢር የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ «በሆዴ ይዤዋለሁ» እንላለን። የማይነገር ነገር ሲሆን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ቅር ሲለን የሚብሰው ሆዳችን ነው። ጓዳው ሰፊ የሆነለት ሰው ብዙ በደል ያስገባና ዝም ይላል። ሆደ ሰፊ ያልነው ለዚህ ነው።

ከሰምና ወርቅ ጎን የሚነሳው ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። ስሙ የሚነግረን ላዩ ሌላ እንጨት መስሎ ውስጡ ወይራ ስለሆነ ነገር ነው። እዚህ አንዲት ቃል ነጥሎ «ቁልፉ ይህ ነው» ማለት ይከብዳል። ንግግሩ በሙሉ ገር መስሎ ያልፍና በኋላ ያማል። ሰምና ወርቅ ግን ቁልፉን እዚያው ስንኙ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቃሏን ያገኘ ይከፍታል።

ያችው ቃል በሌላ ሰው አፍ ደግሞ ሌላ ትከፍታለች። የመጀመሪያዋን መስመር ሳንነካ ሁለተኛዋን ብቻ እንለውጥ፦

ሌሊቱን በሙሉ ስስል ነው ያደርኩት፣
የበደልከኝን ቀን መቼም አልረሳሁት።

ሰሙ ያው ሳል ነው። ወርቁ ግን ቢላ ሆኗል።