በዲጂታል ፋይናንስ መሥራት ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሞባይል ገንዘብ ሥራ ውስጥ ስላለሁ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ስለ ሙያው ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙዎቹ ሳይሞክሩት በወሬ ብቻ መተዋቸው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ኮምፒውተር ሳይንስ ካልተማርክ አትገባበትም»

ይህ አባባል ስንቱን ጎበዝ ልጅ አስቀርቷል! ኮድ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። መተግበሪያው ግን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር፣ ብዙ ሰው አገልግሎቱን ያወቀው ሰፈሩ ባለው ወኪል በኩል ነው። ወኪሉ ደግሞ ሁለት ነገር ማመጣጠን አለበት፤ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ጥሬ ብርና ስልኩ ላይ ያለውን ሂሳብ። ደንበኛ ገንዘብ ሲያስገባ ጥሬው ይጨምራል፣ የስልኩ ይቀንሳል። ሲያወጣ ተቃራኒው ይሆናል።

እስቲ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ የደመወዝ ቀንን አስቡት። ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ይሰለፋል። ሁሉም ማውጣት ነው የሚፈልገው። ትንሽ ቆይቶ «ካሽ አልቋል» ይባላል። በዚያው ሰዓት ደሴ ሰኞ ገበያ ያለው ወኪል መሳቢያው በብር ሞልቶ የስልኩ ሂሳብ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴው የሸጠበትን ሲያስገባ ውሏልና። ይህን ቀድሞ ገምቶ ብሩን በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ስታትስቲክስ ወይም ሎጂስቲክስ የተማረ ቢሆን ይመረጣል።

የሂሳብ ባለሙያም ሥራ አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ ሲፈቅድ፣ ደንበኞች ስልካቸው ላይ ያላቸው ብር ሁሉ በባንክ በተቀመጠ እኩል ገንዘብ እንዲደገፍ አዟል። ሁለቱ እኩል መሆናቸውን የሚያመሳክረው የሂሳብ ሰው ነው።

«ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ለሌለው አይሠራም»

ይሠራል። በባለ ቁልፍ ስልክም *127# ብሎ መላክና መቀበል ይቻላል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኬንያ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ኤም-ፔሳ የተጀመረውም በእንዲህ ዓይነት ተራ ስልኮች ላይ ነው።

እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ነው። ፒያሳ አንድ ወኪል ጋ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት መጡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሱቁ ውስጥ ለሚሠራው ልጅ ሰጡት። «ልጄ፣ አንተው አውጣልኝ» አሉና የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ነገሩት። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ልጁ ደንግጦ «ኧረ እማማ፣ ይህ ለማንም አይነገርም!» አላቸው። «ታዲያ እኔ ፊደሉን በምን ዓይኔ ልየው?» አሉት።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። አገልግሎቱ ማንበብ ለሚችል ሰው ብቻ ታስቦ ስለተሠራ ነው። በድምፅ የሚመራ፣ አጠር ባለ አማርኛ የሚናገር አገልግሎት ማሰብ የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለዓይነ ስውራንም እንዲሁ ነው። ስክሪን የሚያነብላቸው ሶፍትዌር፣ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ላይ ሲደርስ «በተን» ብሎ ብቻ ያልፋል። «ላክ» ይሁን «ሰርዝ» አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም መስጠት ለባለሙያ ትንሽ ሥራ ነው። ለተጠቃሚው ግን ብሩን ራሱ መላክ ወይም ሌላ ሰው መለመን ማለት ነው።

«አካውንት የከፈተ ሁሉ በፋይናንስ አገልግሎት ተካቷል»

ይህን ከባለሙያዎችም እሰማለሁ፣ በጣም ያናድደኛል። ከፍቶ የማይጠቀምበት ሰው ምን አተረፈ? በወሎ ብዙ ነጋዴ ወለድ ሐራም ነው ብሎ ብድር አይነካም። በስልክ የሚሰጠው ብድር ባለ ወለድ ብቻ ከሆነ፣ ይህን ሰው ከመነሻው አስቀርታችሁታል። ከወለድ ነጻ ባንክ ሊቋቋም የተፈቀደው በ2011 ነው፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ። ይህን ፍላጎት ከልጅነቱ እያየ ያደገ የደሴ ልጅ፣ ለወሎ ነጋዴ የሚሆን አገልግሎት ሲነደፍ የሚያነሳው ቁም ነገር አያጣም።

«ዲጂታል ፋይናንስ ማለት በቴሌግራም ገንዘብ ማባዛት ነው»

አይደለም፣ ፈጽሞ አይገናኝም። «ዛሬ አስገባ፣ ነገ እጥፍ ውሰድ» የሚላችሁ አታላይ ነው። ክሪፕቶንም (እንደ ቢትኮይን ያለውን ዲጂታል ገንዘብ) ከዚህ ሙያ ጋር አትቀላቅሉት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል።

«አዲስ አበባ ካልሄድክ ሥራ የለም»

ዋና መሥሪያ ቤቶቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ የሶፍትዌር ሥራውም አብዛኛው እዚያ ነው። ነገር ግን ወኪል የሚመለምል፣ የሚያሠለጥን፣ ሐይቅና ኩታበር ድረስ ዘልቆ የሚያስረዳ ሰው እዚሁ ነው የሚፈለገው። ለቃለ መጠይቅ ከመቅረባችሁ በፊት አንድ ወኪል አስፈቅዳችሁ በገበያ ቀን ሱቁ ዋሉ። ማን ምን እንደሚቸግረው፣ ካሹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ ጻፉ። ያን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።